መዘውሩ ስንት ዙር ላይ ነበር?

ቡዳፔስት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጓንጉል፣
መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሰገነት ነኝ፣ የእታገኝ ልጅ። እታገኝ የቷ ናት ካሉ፣ የእርስዎ አባትና የእናቴ እናት የእህትማማች ልጆች ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩኝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአክስቴ ሠርግ ላይ ሁለት እጅዎን ዘርግተው፣ በአፍዎ እንደ ሞተር እየጮኹ በግቢው ሲያሳድዱኝ ትዝ ይለኛል።

እዚህ ሃንጋሪ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ ቆይቼ አሁን የጻፍኩት ለጉዳይ ነው፤ አልዋሽም።

ጧት ጧት ሒሳብ እማራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኮምፒዩተር ጨዋታ በሚሠራ ትንሽ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። የያዝነው ጨዋታ የጦር አውሮፕላን ማብረር ነው። ተጫዋቹ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ጆይስቲክ የምትባል አጭር ዱላ ይጨብጣል፤ በእሷ ይበርራል፣ ይተኩሳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ዱላዋ በውስጧ ሞላ ስላላት ሲለቋት ወደ መሀል ትመለሳለች። ሰው ለዚህም ይቀጠራል ወይ ብለው እንዳይስቁብኝ።

የኔ ድርሻ አውሮፕላኑ እንደ እውነተኛው እንዲሄድ የሚያደርገውን ሒሳብ መጻፍ ነው። ክንፉን ጨርሻለሁ፣ ሞተሩንም ጨርሻለሁ። ትሪም የሚባለው የጭራ ማስተካከያ ላይ ስደርስ ተተከልኩ። ቀመሩ መጽሐፍ ላይ አለ፤ እጅ ላይ ምን እንደሚመስል ግን መጽሐፉ አይነግረኝም። አለቃዬ ላስሎ «አንዱን ቁልፍ ሲጫን አፍንጫው ይነሳ፣ ሌላውን ሲጫን ይውረድ፣ በቃ» አለኝ። እሺ ብዬ ሠራሁት። ሳየው ግን ውሸት ውሸት ይሸተኛል።

እናቴ እርስዎ አብራሪም የአብራሪዎች አስተማሪም እንደነበሩ ነግራኛለች። ለምን ተዉት ብላት ወሬ ቀየረችብኝ። እኔም እሱን አልጠይቅዎትም። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ ትሪም እጅ ላይ ምን ይመስላል? ለድካምዎ መነጽርም ሹራብም ብለው ያዙኝ፣ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣ ዘመድዎ ሰገነት


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገነት

ተባረኪ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ከብርዱም ከሰዉም ክፉ ይሰውርሽ። እኔ አለሁ፤ ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ምላሴ ጤነኛ ነው። ፖስታሽ ተከፍቶ፣ ተነቦ፣ በሙጫ ተለጥፎ ደረሰኝ። ሙጫው ጎበዝ ነው። ይህንንም ካንቺ ቀድሞ የሚያነበው ወንድሜ እንደምን ሰንብቷል? ስማ፣ በምስጢር ቋንቋ አልጽፍም። ስለ አውሮፕላን ነው የምጽፈው፣ ያውም ስለ ጭራዋ። ያልገባህ ነገር ካለ ምን አለሽ ተራ ና፣ ከረዲ የብረታ ብረት ሱቅ አጠገብ ሚዛን የሚጠግነው ሽማግሌ የቱ ነው በል፤ ቁጭ አድርጌ አስረዳሃለሁ።

አሁን ወደ ላስሎሽ እንምጣ። ንገሪው፤ ትሪም አፍንጫ ማንሻ አይደለም! ምነው ሰው እንዲህ ይዳፈራል?

አውሮፕላን ጭራዋ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትታጠፍ ክንፍ አለቻት። መሪውን ስትስቢ ትታጠፋለች፣ አፍንጫው ይነሳል። ነፋሱ ግን ዝም ብሎ አያያትም፤ መልሶ ይገፋታል፣ ግፊቱም በሽቦው መጥቶ መዳፍሽ ላይ ያርፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ መሪ ስቦ መያዝ አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ መቆም ማለት ነው። ለዚህ ብለው በግራ ጉልበትሽ በኩል ትንሽ መዘውር አስቀመጡ። እሷን ስታዞሪ ከጭራው ጫፍ ያለች የመዳፍ ስፋት ያላት ቅጠል ትንቀሳቀስና ባልዲውን ትቀበልሻለች። ትሪም ይኼው ነው። እጅ ማሳረፊያ!

ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። መጀመሪያ በእጅሽ አፍንጫውን ከምትፈልጊበት ታደርሺዋለሽ፣ ትይዥዋለሽ፤ ከዚያ እጅሽ ባዶ እስኪሆን መዘውሩን ታዞሪያለሽ። በመዘውር አፍንጫ የሚያነሳ ተማሪ ባገኝ ጣቶቹን በካርታ እመታው ነበር። ደግሞ የሚያገለግለው ለአንድ ፍጥነት ብቻ ነው። ፍጥነት ጨመርሽ? እንደገና ታዞሪያለሽ። ቀነስሽ? እንደገና። በላስሎ ጨዋታ ግን ሰውየው ቁልፍ ይጫናል፣ እጁ ላይ ምንም አይለወጥም፣ አፍንጫው ይነሳል። ይኼ አሳንሰር ነው እንጂ ትሪም አይደለም።

በይ እንግዲህ፣ እኔም ጉዳይ አለኝ።

በ1970 ኅዳር ላይ አሸብር የሚባል ተማሪዬ ብቻውን ተነሳ፤ በአራተኛው ደቂቃ ወደቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኮሚቴ ተቀመጠ። ከስብርባሪው መሀል የትሪሙን መዘውር ሲያዩት ሁለት ዙር ወደ አፍንጫ ማክበጃው በኩል ዞሯል። ሁለት ዙር ምንም ማለት አይደለም፣ በአንድ እጅ ይያዛል። ከመሬት ሆነን ያየነው ሁሉ አንድ ነው፤ አፍንጫው ወደቅ ቀና፣ ወደቅ ቀና፣ ወደቅ ቀና አለ፣ ከዚያ አልተነሳም። ኮሚቴው ይህን «ሲያመነታ ነበር» አለው። «አውሮፕላኗ እንከን አልነበረባትም፤ የሕዝብ ንብረት ለማውደም ሆን ብሎ ከመሬት አላተማት፤ ፀረ አብዮተኛ ነው» ብለው ጻፉና ፈርም አሉኝ።

አልፈርምም አልኩ። ሰባት ወር አሰሩኝ፣ የአብራሪነት ምልክቴን ከደረቴ ነቀሉት፣ ሜዳ ላይ ጣሉኝ። አልፈረምኩም! እስከ ዛሬም አልፈረምኩም! እናቱ እትዬ ባይነሽ እዚሁ ጎጃም በረንዳ ጌሾ ትሸጣለች። ለፀረ አብዮተኛ ልቅሶ የለም ብለው ከለከሏት፤ ነጠላዋን እንኳ እንዳታዘቀዝቅ።

ኮምፒዩተር የምትያት መኪናሽ መብረር የምትችል ከሆነ ያችን አውሮፕላን አብርሪልኝ። ከሁለት ዙር ተነስታ እንዴት ልትወድቅ እንደምትችል ፈልጊልኝ። መነጽር አልፈልግም፣ ሹራብ አልፈልግም። የምፈልገው ይህን ነው።

ለእናትሽ ሰላምታ በይልኝ።
ጓንጉል


ቡዳፔስት፣ ጥር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጓንጉል

ወገብዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ፤ ምላስዎንስ አያሳጣን። ደብዳቤዎን ለላስሎ ተርጉሜ አነበብኩለት። «አሳንሰር» ላይ ስደርስ የሥራ ጓደኞቼ ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር። እሱ ብቻ አልሳቀም።

እርስዎ እንዳሉት አደረግሁት። ተጫዋቹ መጀመሪያ ዱላዋን ስቦ አፍንጫውን ይይዛል። ከዚያ መዘውሩን የሚያዞርለትን ቁልፍ ሲጫን እኔ በሒሳቡ ውስጥ የአውሮፕላኑን መሪ መሀል ቀስ እያልኩ ወደ እጁ አመጣለታለሁ፤ እሱም በዚያው ልክ እጁን እየመለሰ ይሄዳል። ሲጨርስ ዱላዋ መሀል ላይ ናት፣ አፍንጫው ግን ካስቀመጠበት አልተነቃነቀም። ጋሼ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ሲሳካልኝ ብቻዬን ጮህኩ። እጄ ባዶ ሆነ!

ላስሎ «እጁን ለማሳረፍ ብሎ ጨዋታ የሚገዛ ሰው የለም፣ አውጪው» አለኝ። አላወጣውም አልኩት። ተናደደ፣ እኔም ተናደድኩ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ይህን ያደረግሁት የእርስዎ ነገር ተጋብቶብኝ መሆን አለበት።

የአሸብርን በረራ እሠራለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን ቁጥር ያስፈልገኛል። በየፍጥነቱ አንዱ ዙር መዘውር እጅ ላይ ስንት ኪሎ ይሆናል? ሰውስ ስንት ኪሎ ለስንት ጊዜ ስቦ ይቆያል? የሚደክም ክንድ ያለው አብራሪ ነው የምፈልገው።

አንድ ልመና አለኝ። እባክዎ ፖስታ ለሚከፍተው ሰውዬ ሰላምታ አይላኩ። እኔ እዚህ ያለሁት በመንግሥት ፈቃድ ነው፤ የእናቴም ቤት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነው። እፈራለሁ።

ሰገነት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገነት፣ ጤናሽ ይብዛ

ይሁን፣ ለእናትሽ ስል ሰላምታውን ትቻለሁ። ግልምጫ ግን ልኬለታለሁ።

ቁጥርሽን ያዥ። ድሮ ተማሪዎቼን ለማሳመን ብዬ የእጅ ሚዛን ይዤ ወጥቼ መሪውን በሚዛኑ ስቤ ለክቼዋለሁ። በሰማንያ ኖት ፍጥነት፣ በሰዓት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ዙር አንድ ኪሎ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በመቶ ስድሳ ኖት እያንዳንዱ ዙር አራት ኪሎ ማለት ነው። ይኼ ከጭንቅላቴ የሚወጣው ከነነፍሴ ነው።

የክንዱን ነገር ደግሞ እዚሁ ሠራሁልሽ። ከረዲ ሱቅ የአሮጌ ካሚዮን መቀመጫ አወጣሁ፣ ፊቱ የውሃ ቧንቧ በመሪ ፈንታ አቆምኩ፣ ከሥሩ የበር ሞላ አሰርኩበት፣ ከሞላው ጋር ሚዛን፣ በጎኑ አንድ መዘውር። መዘውሩን ሳዞር የሞላው ማሰሪያ ይሸሻል፣ ቧንቧው ይከብዳል። ትሪም በምን አለሽ ተራ! ከዚያ የጎጃም በረንዳን ተሸካሚዎች አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። መንገዱ በሰው ተዘጋ። ረዲ «ሱቄን ሰርከስ አደረግከው እኮ!» እያለ ይጮሃል፣ እሱ ራሱ ግን ከፊት ቆሞ ሰዓት ይይዛል።

ስምንት ኪሎ በአንድ እጅ ቀልድ ነው፤ እያወሩ ይይዙታል። ሃያ አራት ኪሎ በሁለት እጅ ከሁለት ደቂቃ በላይ የቆየ የለም። በአንድ እጅማ! ጠሀ የሚባል የመቶ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥ ጎረምሳ አለ፤ እስከ አሥር ሳልቆጥር ለቀቀው። ተናዶ «ድገመኝ» አለ፣ ደገምኩት፣ ስምንት ላይ ለቀቀ። በጀርባ መሸከም ሌላ፣ ክንድ ዘርግቶ መሳብ ሌላ። ሁሉንም በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

እትዬ ባይነሽ ለሰው ስታስተዋውቀኝ «የልጄ ጠበቃ» ነው የምትለኝ። ለፋሲካ አንድ እስር ጌሾ ሰጠችኝ። ወንደላጤ በጌሾ ምን ያደርጋል? እምቢ ማለት ግን አይቻልም። ሰሞኑን በእሷ በኩል ማለፍ ትቼ በመሳለሚያ ዞሬ ነው የምሄደው። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ውጤቱን ቶሎ ላኪልኝ፣ አታቆዪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጓንጉል


ቡዳፔስት፣ ሐምሌ 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጓንጉል

እንዴት ከረሙ? ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈተና ነበረብኝ ማለት እችላለሁ፤ ግን ፈተናው ካለቀ ሁለት ወሩ ነው።

መልካሙን ላስቀድም። ላስሎ ተሸነፈ። አንድ ድሮ ያበርሩ የነበሩ ሽማግሌ መጥተው ጨዋታውን ሞከሩት፤ ጥቂት ከበረሩ በኋላ እጃቸውን ከዱላዋ ላይ አነሱና መዳፋቸውን እያዩ ፈገግ አሉ። ትሪሙ አይወጣም።

አሁን የአሸብርን ልንገርዎ። ከሁለት ዙር ሰባ ጊዜ አስነሳኋት። አድክሜው፣ ነፋስ ጨምሬ፣ ሞተር ቀንሼ ሞከርኩ። ጋሼ፣ አንድም ጊዜ አልወደቀችም። ከሁለት ዙር ተነስታ የምትወድቀው አብራሪው ራሱ መሪውን ወደፊት ከገፋው ብቻ ነው። ኮሚቴው የጻፈውም ይኸው ነው። ሦስት ወር የዘገየሁት ይህን መጻፍ አቅቶኝ ነው።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። ኮሚቴው መዘውሩን ያየው ከወደቀች በኋላ ነው። ስትነሳ የት እንደነበረ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ከሦስት አስነሳኋት፣ ደህና ገባች። ከአራት፣ ደህና። ከአምስት ለጥቂት ተረፈች። ከስድስት ሳስነሳት በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ይይዛታል። ፍጥነት እየጨመረች ስትሄድ ሃያ አራት ኪሎ ይደርሳል። ሞተሩን እንዳይቀንስ ከፍታ የለውም። መዘውሩን ለማዞር አንድ እጁን መልቀቅ አለበት፤ ሲለቅ አፍንጫው ይወድቃል። ትንሽ አዙሮ በሁለት እጁ ይመልሳታል። ደግሞ ይለቃል፣ ይወድቃል፣ ይመልሳታል። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው መዘውሩ ሁለት ዙር ላይ ደርሷል፤ ትንሽ ሜዳ ከሥሩ ቢኖረው ኖሮ ይድን ነበር። ሲያመነታ አልነበረም፤ እጁን ወደ መዘውሩ እየሰደደ ነበር።

ነገር ግን ስድስት ዙር የመዘውሩ መጨረሻ ነው። በራሱ እዚያ አይደርስም፣ ሰው ነው የሚያደርሰው። እርስዎ በላኩት ወረቀት ላይ ደግሞ ከቁጥሮቹ ሁሉ ሃያ አራት ኪሎን ብቻ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ሃያ አራት የስድስት ዙር ክብደት ነው፤ ከሁለት ዙር ጋር ምንም አያገናኘውም።

ጋሼ፣ ስትነሳ መዘውሩ ስንት ዙር ላይ ነበር?

ሰገነት


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሰገነት

መኪናሽን ፈትሺ። ሁለት ብያለሁ፣ ሁለት ነው። ሰባት ወር ሲሚንቶ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። ትናንት የተወለድሽ ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለሽ እኔን ትመረምሪያለሽ? ከአንዱ ኮሚቴ ወጣሁ ስል ሌላ ኮሚቴ ሆነሽ መጣሽብኝ! ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ለእናትሽ ሰላምታ።

ጓንጉል


ቡዳፔስት፣ መስከረም 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጓንጉል

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። አትጻፊ ብለውኛል፤ ይኸው ጻፍኩ።

ኮሚቴ አይደለሁም። ኮሚቴው መልሱን ጽፎ ይዞ ነው የመጣብዎ፤ እኔ የመጣሁት በጥያቄ ነው። እርስዎ ነዎት ይህችን አውሮፕላን አብርሪልኝ ያሉኝ። አበረርኳት። ያየሁትን ነገርኩዎ። ሁለት እንዲሆንልዎ ብዬ ሒሳብ አልዋሽም፤ ላስሎን እምቢ ብዬ ለእርስዎ እሺ አልልም።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ኮምፒዩተሩ የአውሮፕላኗን መንገድ በመስመር ያወጣው ነው፤ ሦስቱ መውደቂያዎች ግልጽ ብለው ይታያሉ። ከላይ «መነሻ፦ …… ዙር» ይላል። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። እርስዎ ሁለት ብለው ቢሞሉት አሸብር ኮሚቴው ያለው ሰው ሆኖ ይቀራል። የሚሞላው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በዓለም ላይ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ፈርቼ ነበር፤ አሁን ይብቃኝ። ፖስታውን የሚከፍተውም ሰውዬ በደንብ አንብቦ፣ በደንብ ለጥፎ ያድርስልኝ።

የምታከብርዎት ሰገነት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ስድስት ነበር።

ሰላምታ ሳላስቀድም የጀመርኩት ቃሉን አፌ ላይ እያለ መልሼ እንዳልውጠው ብዬ ነው። አሁን እንደምን አለሽ ልጄ?

አንድ ልማድ ነበረኝ። ከተማሪው ቀድሜ ወደ አውሮፕላኗ እሄድና መዘውሩን አዞርበታለሁ፤ ለጀማሪ አንድ፣ ለበሰለው ሁለት። ሳይፈትሽ ቢነሳ ከኋላው ተቀምጫለሁ፤ እጁ ሲከብደው ይደነግጣል፣ ሁለተኛ አይረሳም። በዚህ ስንቱን አስተምሬያለሁ። አሸብር ግን አንድም ቀን አልተያዘልኝም። «ሻምበል፣ ዛሬም?» እያለ እየሳቀ ይመልሰው ነበር። እልህ ያዘኝ። በዚያን ዕለት ጧት እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ ስድስት።

አብሬው ልወጣ ነበር። ልሳፈር ስል ለውይይት ክበብ ተጠራሁ። ከውይይት ክበብ መቅረት በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረ እናትሽን ጠይቂያት። «ሰዓት አይባክን፣ ልጁ ብቻውን ይውጣ» ተባለ። ብቻውን ከወጣ ማን ያዞርብኛል ብሎ አልፈተሸም መሰለኝ። እኔ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁት። ብድግ ብዬ መሮጥ ነበረብኝ። ከስብሰባ መሀል ተነስቶ የወጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁና ፈራሁ። አዎ፣ እኔ ጓንጉል ፈራሁ! ፈትሿል፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሁሌም ያገኘዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ደንግጬ የወጣሁት ሁሉም «ምን ሆነ?» ብሎ ሲወጣ ነው። ያኔ አፍንጫው ሲወድቅና ሲቀና አየሁ።

አልፈርምም ማለቱ ቀላል ነበር፤ ያን የሚል አፍ ተፈጥሮልኛል። ስድስት ማለቱ ነው ያቃተኝ። ሲገርፉኝም አላልኩትም። ሰዉ ጀግና አለኝ፣ ዝም አልኩ። አንቺንም ሁለት ብዬ የላክሁሽ ከሁለት የምትወድቅበት አንድ መንገድ ብታገኚልኝ ልጁም ነጻ ይወጣል፣ እኔም እተርፋለሁ ብዬ ነው። መኪናሽ አልሰማችኝም። ሰድቤሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ወረቀትሽን አራት ወር ያህል ይዤው ዞርኩ። ባለፈው ሳምንት ባዶውን ቦታ ሞላሁትና ጎጃም በረንዳ ሄድኩ። እትዬ ባይነሽ ጌሾ እያሰረች ነበር። «የልጄ ጠበቃ፣ የት ጠፍተው ከረሙ?» አለችኝ። ቆሜ ነገርኳት፣ ከስድስቱ ዙር ጀምሬ። ወረቀቱን ዘርግቼ መስመሩን በጣቴ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ መስመሩ ግን ማንበብ አይፈልግም።

«ይኼ የወደቀበት ምንድነው?» አለች።

«እጁን ወደ መዘውሩ ሲሰድ ነው።»

«ይኼኛውስ?»

«እሱም ነው።»

«ሊድን ፈልጎ ነበር?»

«እስከ መጨረሻው» አልኳት።

በጥፊ መታችኝ። ደገመችኝ። ተሸካሚዎቹ ሊይዟት ሲመጡ ተዉአት አልኩ። ከዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችኝ። «አንተ፣ ተነስ ድንኳን ትከል። ልጄን ላለቅስ ነው።»

ረዲ የሱቁን ሸራ አውርዶ አመጣ። ጠሀና ጓደኞቹ አግዳሚ ተሸክመው መጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገዱ ዳር፣ አሥር ዓመት የዘገየ ልቅሶ ተተከለ። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። እኔ ልከተል ስል በሩ ላይ አቆመችኝ። «አንተ ከዚህ አትገባም። እዚህ ተቀመጥ። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ልጄ እንዴት እንደሞተ በገዛ አፍህ ንገር።»

ተቀመጥኩ። ለመጣው ሁሉ ነገርኩ፤ መዘውሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ስድስት ዙር፣ ልጁ ሲታገል ነው የሞተው። አንዳንዱ ምራቁን ተፍቶብኝ ገባ። አንዳንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና «በማን ፈቃድ ነው?» አለ። እትዬ ባይነሽ ከውስጥ ሆና «ፈቃድ አሥር ዓመት ጠበቅሁ፣ አልመጣም!» አለችው። እኔም ለእሱም ነገርኩት፣ እንደ ሌላው ሰው። ቆሞ ሰማኝ። አንዴ ድንኳኑን፣ አንዴ ሕዝቡን አየና ሄደ። ይህንኑ ቃል ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ያኔ ለፈረደው መሥሪያ ቤት በአደራ ደብዳቤ ሰድጃለሁ። ሰኞ እንድቀርብ ጠርተውኛል፤ እቀርባለሁ። ይሰሩኝ። የልጁ ስም ግን ከዛሬ ጀምሮ በመርካቶ ውስጥ ሌላ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰዉ ተበትኖ እኔ ብቻ በሩ ላይ ቀረሁ። እትዬ ባይነሽ ወጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ለሰው ሁሉ ስትናገር ሰማሁህ» አለችኝ። «አወዳደቁን ጠገብኩ። አሁን ጧቱን ንገረኝ። ምን ለብሶ ነበር? በልቶ ነበር የወጣው?»

አብረን ነበር የበላነው። ዳቦ በሻይ አልኳት።

ጓንጉል